ለሚያስፈልገው ስጡት

ሄይዝል ፎርክ፣ አላባማ
ማርች 14፣ 1987

ውድ እህቴ ቨርዴል፣

እኔ ኩዊንቴላ ሩት ማብሪ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሚከተለውን የእምነት ክህደት ቃሌን እሰጣለሁ።

የኮሌጅ ባንድ ኮፍያሽን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውርጃለሁ። አድርጌዋለሁም። አድርጌው ጓሮ ወጥቼ ዶሮዎቹን በሰልፍ ለማስኬድ ሞክሬያለሁ። ዶሮዎቹ ሥነ ሥርዓት የላቸውም። አውራው ደግሞ ኮፍያው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን ነጭ ላባ ሲያይ ሌላ ባል የመጣበት መስሎት አናቴ ላይ ወጣ። ኮፍያው ተርፏል። ላባው ግን ዛሬ በመካከላችን የለም። ቅጣቴን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ብቻ ለትልቋ እማማ እንዳይደርስ። አያታችን ያንን ኮፍያ አድርገሽ የተነሳሽውን ፎቶ ከኢየሱስ ሥዕል አጠገብ እንደሰቀለችው ታውቂያለሽ። ከሁለቱ የትኛውን አብዝታ እንደምትወለውል ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ መጥቷል። አዎ፣ ቀጭን ነው።

ፖስተኛው ሚስተር ዩላስ ድሮ የሕክምና ትምህርት ቤት ፖስታ ሲይዙ ከዋናው መንገድ ጀምረው ክላክስ ያደርጉ ነበር። አሁን ቀጭን መሆኑን ሲያዩ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ያቆሙና በእግራቸው መጥተው፣ ከበሩ ምንጣፍ ሥር ወሽቀው፣ እንደ ሌባ ይመለሳሉ። ዛሬ ግን በረንዳ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። “ምናልባት በስስ ወረቀት ጽፈውት ይሆናል” አሉኝ። አሳዘኑኝ።

እንዳዘዝሽኝ ከፍቼ አነበብኩት። የአመልካች ብዛት፣ የውጤትሽ ማነስ፣ መልካም ዕድል። ያለፈውን ራሱን ስሙን ቀይረው የላኩት ነው የሚመስለው። ከሌሎቹ ጋር ጫማ ሳጥንሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ደውዬ ብነግርሽ በወደድኩ፤ ግን ስልኩ ከትልቋ እማማ ወንበር ጎን ስለሆነ እዚህ ቤት በስልክ ምስጢር ማውራት በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ እንደማውራት ነው።

እሷ ራሷ እንዴት ናት ላልሽው፣ ፖስታ የሚባል ነገር አይመለከታትም። ከገና ጀምሮ “የቨርዴልን ዶክተርነት በእምነት ተቀብያለሁ” ብላ አውጃለች። የተቀበሉትን ነገር ደግሞ “መጣ ወይ?” ብሎ መጠየቅ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው። ፓስተር ቶሊቨርም እሁድ እሁድ “ዶክተራችን” ብለው ነው የሚጸልዩልሽ። ዲያቆን ግራይምስ ባለፈው ሳምንት ከስብከት በኋላ ጠርተውኝ፣ መኪና ማቆሚያው መሀል ጫማቸውን አውልቀው፣ “ለእህትሽ ጻፊላት። አውራ ጣቴ ነው። ይቀላል፣ ይፋጃል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስለቅሰኛል” አሉኝ። ጣቱን አይቼዋለሁ። ልረሳው እየሞከርኩ ነው።

ቃለ መጠይቁስ እንዴት ነበር? ምን ጠየቁሽ? ከዚያ ተመልሰሽ የጻፍሽልኝ ስለ አውቶቡሱ ሙቀት ብቻ ነው።

ታናሽ እህትሽና የላባ ነፍሰ ገዳይ፣
ኩዊን


በርሚንግሃም
ማርች 22፣ 1987

ኩዊን፣

ላባውን ይቅር ብያለሁ። ዶሮው ከእኔ ቀድሞ ነገሩ ገብቶታል።

እስካሁን ዝም ስላልኩሽ ይቅርታ። ስለ አውቶቡስ ሙቀት የጻፍኩት የምጽፈው ስላጣሁ አይደለም፤ ስለበዛብኝ ነው።

ሦስት ሆነው ነበር የጠየቁኝ። መሀል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ የኮሌጅ ውጤቴን ዘርግተው ጣታቸውን ሁለተኛ ዓመት ላይ አሳረፉ። “እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?” አሉኝ። ድምፃቸው ደግ ነበር። ታምሜ ነበር፣ ወይም ሰው ሞቶብኝ ነበር እንድላቸው እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ። ምነው አንድ ሰው በሞተልኝ ብዬ አሰብኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

“ባንድ ውስጥ ነበርኩ” አልኳቸው።

“ምን ውስጥ?”

“ባንድ። ሱሳፎን እነፋ ነበር። ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን ትልቁን መለከት። ከሴት የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ።”

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ያን ዓመት ከትምህርት ክፍል ይልቅ የልምምድ ሜዳው ላይ ነው የኖርኩት፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዲ፣ ፊዚክስ ሲ፣ አጠቃላይ ውጤት ሁለት ነጥብ ስድስት ከአራት። እናንተ ግን መላው ቤተ ክርስቲያን አውቶቡስ ተከራይታችሁ መጥታችሁ ሜዳው ዳር ቆማችሁ እያለቀሳችሁ አጨበጨባችሁልኝ። ያንን ለሽማግሌው እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ከተመረቅሁ በኋላ ከሥራ መልስ የወሰድኳቸውን ኮርሶች በሙሉ ኤ እንዳመጣሁ ነገርኳቸው። “አይተነዋል” አሉኝ፣ ሰው የሸሚዝሽን ቁልፍ እንዳየ ዓይነት።

ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። “ቀን ሙሉ ከበሽተኞች ደም እየቀዳሁ ወደ ላይ፣ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ፤ ምን እንደተገኘበት ግን የሚነግረኝ የለም። በሽተኛው ‘ምን አለኝ?’ ሲለኝ እኔም እንደሱ አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ” አልኩ። ዳር የተቀመጠችው ሴትዮ ያንን ጻፈችው። ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት ተስፋ የሴትዮዋ እስክሪብቶ ነው።

እሺም እምቢም አላሉኝም፤ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡኝ። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች አልቀዋል፤ የቀረኝ ይሄ አንዱ ነው። ወፍራም ፖስታ ከመጣ ከእነሱ ነው። ዓይንሽን ከፖስታ ሳጥኑ ላይ እንዳታነሺ። ካልመጣም ለማንም ምንም አትበዪ።

ለዲያቆን ግራይምስ፦ የአሳማ ሥጋና ቢራ ይቀንሱ (ቢራ እንደማይቀምሱ ለቤተ ክርስቲያኑ እንደነገሩ አውቃለሁ)፣ ከዚያም እውነተኛ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ቨርዴል

ውጤቴን ለትልቋ እማማ ነገርሻት እንዴ? ባለፈው ስደውል “ቁጥርሽን ሰማሁ፣ ኮራሁብሽ” አለችኝ። ምኑ ነው የሚያኮራው?


ሄይዝል ፎርክ
ኤፕሪል 20፣ 1987

ውድ ቨርዲ፣

እንኳን ለፋሲካው አደረሰሽ። ትልቋ እማማ ትናንት ያደረገችው ኮፍያ ከኋላዋ ለተቀመጡት ሦስት ረድፎች ፓስተር ቶሊቨርን ሙሉ በሙሉ ጋርዶባቸው ነበር። አንድም ቅሬታ አልቀረበም።

ስለ ቁጥሩ። እሺ። መቼም ከመጠየቅ አትመለሺም።

ባለፈው ቀጭኑን ፖስታ ወደ ሳጥኑ ሳስገባ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ማንበቢያ መነጽሯን አላደረገችም፤ ደብዳቤው ላይ ያለችውን ቁጥር ግን ለይታ አየቻት።

“ሁለት ነጥብ ስድስት ምንድን ነው?” አለችኝ።

“የቨርዴል የኮሌጅ ውጤት ነው እማማ።”

“ከስንት?”

ቨርዲ፣ ከአራት ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ፊቷን አየሁት። ከአፌ የወጣው “ከሦስት” ነው። “ውይ ልጄን! ለጥቂት!” ብላ እልል አለች። አሁን መላው ማውንት ኦሊቭ ቤተ ክርስቲያን ከሦስት ሁለት ነጥብ ስድስት ያመጣሽ መሆንሽን ያውቃል። መዘምራኑ ሳይቀሩ “ለጥቂት ነው ያመለጣት” እያሉ ነው። አንድ ቃል ነው ያልኩት፤ አሁን ልመልሰው ብል ከየቤቱ እየዞርኩ መሰብሰብ ሊኖርብኝ ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ የጁን ሁለተኛው እሁድ “የዶክተር እሁድ” ተብሎ ተሰይሟል። እንደዚህ የሚባል በዓል የለም፤ እሷ ናት የፈጠረችው። ፓስተር ቶሊቨር “ደብዳቤው እስኪመጣ ብንጠብቅ አይሻልም፣ እማማ?” ሲሏት ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና “ፓስተር፣ ባሕሩን ሲከፍል ሙሴ ደብዳቤ ደርሶት ነበር እንዴ?” አለቻቸው። ቀኑ ያኔውኑ ጸደቀ። ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አሳ እየጠበሱ እየሸጡ የልብ ማዳመጫ ሊገዙልሽ ነው። አሳው ይጣፍጣል፤ እኔ ግን ከአንድ በላይ አልበላሁም።

ለዲያቆን ግራይምስ መልእክትሽን አድርሻለሁ። “እውነተኛ ሐኪም ስትል ምን ማለቷ ነው? እሷስ?” አሉኝ። “ትሕትና ነው፣ ጌታዬ” አልኳቸው። “አየሽ፣ ያደገች ልጅ እንዲህ ናት!” ብለው በደስታ ሁለት ሳህን የአሳማ ጎድን በሉ።

ፖስታ የለም። ሚስተር ዩላስ ገና ከመንገዱ ማዶ ባዶ እጃቸውን እያሳዩኝ ያልፋሉ።

ኩዊን


ሄይዝል ፎርክ
ሜይ 9፣ 1987

ውድ ቨርዲ፣

“ደህና ነኝ፣ የሚያስቅ ነገር ብቻ ጻፊልኝ” ብለሽ የላክሽው ካርድ ደረሰኝ። ደህና እንዳልሆንሽ ከእጅ ጽሑፍሽ አውቄያለሁ፤ የሚያስቀው ግን ሞልቷል።

ረቡዕ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጬ አተር እየፈለፈልኩ ስልኩ ጮኸ። ትልቋ እማማ አነሳችው። እኔ የሰማሁት የእሷን ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃሻል። እንደሚከተለው ነው፦

“ሄሎ? … አዎ፣ የማብሪ ቤት ነው። … ቨርዴል? እሷማ በርሚንግሃም ናት፣ ሆስፒታል ነው ያለችው። አንቺ ማነሽ የኔ ልጅ? … እንዴት? … የምን ዓመት? የዝግጅት? … ለምኑ ነው የምትዘጋጀው? … ኧረ እሷ ተዘጋጅታ ጨርሳለች! ከሦስት ሁለት ነጥብ ስድስት ያመጣች ልጅ እኮ ናት! … አይ፣ እሱንማ አግኝተናል። አዎ። ዶክተርነቱን ከገና ጀምሮ ተቀብለናል፣ በዓሉ ጁን ላይ ነው። … አዎን፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ለምን አልሆንም? … አይ፣ አይ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እናንተ ቦታውን ለሚያስፈልገው ልጅ ስጡት።”

ዘጋችው። “ጨዋ ሴት ናት” አለችኝ፣ “ግን ዘንድሮ ደግሞ ትምህርትም በስልክ መሸጥ ጀመሩ።” ባለፈው ወር መዝገበ ቃላት ሊሸጥላት የደወለውን ሰውዬ በጸሎት ጀምራ በጸሎት እንደዘጋችበት ትዝ ብሎኝ፣ አተሩ ከነሳህኑ እስኪደፋ ድረስ ሳቅሁ። አንዳንዱ እስካሁን ሶፋው ሥር አለ።

ይህ ካላሳቀሽ በሚቀጥለው ፓስተር ቶሊቨር ሽበታቸውን ቀለም ተቀብተው ዝናብ የመታቸውን ቀን እጽፍልሻለሁ።

ኩዊን


በርሚንግሃም
ሜይ 12፣ 1987

ኩዊን፣

ቀልዱን ተዪና ይህን መልሺልኝ። ሴትዮዋ ስሟን ተናግራለች? ከየት እንደደወለች ትልቋ እማማ ደግማ ጠርታለች? “አግኝተናል” ያለቻት በትክክል በምን ቃል ነው? እስከ መቼ መልስ እንደሚፈልጉ የተነሳ ነገር ነበር?

ትልቋ እማማን እንዳትጠይቂ። ከሰማሽው ብቻ ጻፊ። ዛሬውኑ ላኪልኝ።

ቨ.


ሄይዝል ፎርክ
ሜይ 15፣ 1987

ቨርዲ፣

ስም አልሰማሁም። “ዴላ” የሚል ነገር ደግማለች መሰለኝ፤ ያኔ ዴላ የእናታችን ጓደኛ መስላኝ ነበር፣ ዲትሮይት ያለችዋ። ከተማ አልጠራችም። “እሱንማ አግኝተናል” ነው ያለችው፣ ልክ እንደጻፍኩልሽ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። አንድ ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ፤ የሚያስቅ ስላልነበረ ነው የተውኩት። መሀል ላይ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ “አርብ? አይ፣ አርብ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም” ብላለች።

አርብ ያለፈው አርብ ነው። ደብዳቤውን ስጽፍልሽ አልፎ ነበር። ያኔውኑ ብነግርሽ ኖሮ፣ ሳሎን ውስጥ ስስቅ ከምውል ብደውልልሽ ኖሮ… ሁላችንም ወፍራም ፖስታ ነበር የምንጠብቀው። ስልክ ይመጣል ያለን የለም።

ምንድን ነው የመለስነው ቨርዲ? ንገሪኝ። የፓስተሩን ሽበት ታሪክ ለሌላ ጊዜ ይሁን።

ኩዊን


በርሚንግሃም
ሜይ 21፣ 1987

ኩዊን፣

ከሥራ ቦታዬ ደወልኩላቸው። ሚስስ ዴላክሮይ ትባላለች። ያን ቀን ዳር ተቀምጣ ስትጽፍ ያየኋት ሴት ናት። ድምፄን ስትሰማ ደስ ብሏት “እንኳን ደስ አለሽ! የትኛው ትምህርት ቤት ነው የተቀበለሽ?” አለችኝ።

“የትም” አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ እኔ ውጤታቸው ያነሰ፣ ግን ሊተዋቸው ያልፈለጉ ልጆችን አንድ ዓመት ያስተምራሉ። የዝግጅት ዓመት ይሉታል። ያንን ያለፈ በሚቀጥለው ሴፕቴምበር ምንም ሳይጠየቅ ሕክምና ይገባል። ያንን ሁለት ነጥብ ስድስት የሚያጥብ አንድ ዓመት። አንድ ቦታ ድንገት ተለቀቀ፣ እሷ ለእኔ ተከራክራ አገኘችልኝ፣ ፖስታ ይዘገያል ብላ ደወለች። “አያትሽ ሌላ ቦታ መግባትሽን በደስታ ነገሩኝ፣ ፋይልሽን ዘጋሁት” አለችኝ። በዚህ ወቅት ተጠባባቂዎች ሌላ ቦታ ሲያገኙ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሉት፤ እንዴት ትጠራጠር?

ሞቢል ያለ አንድ ልጅ ወስዶታል። ውጤቱ ከእኔም ያነሰ ነው። “አያትሽ ለሚያስፈልገው ስጡት አሉን፤ ሰጠነው” አለችኝ። ልታስከፋኝ ብላ አይደለም፣ የሆነውን ነው የነገረችኝ። ልጁን ልጠላው ሞከርኩ። ለአንድ ከሰዓት ያህል ተሳካልኝ።

ከተጠባባቂነትም ወጥቻለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ጠየቅኋት፤ የዝግጅት ዓመቱ ዘንድሮ የመጨረሻው ነው፣ ገንዘቡ አልቋል። እንደገና በተራው መንገድ ማመልከት እችላለሁ፤ ያው ወረቀት፣ ያው ሁለተኛ ዓመት፣ ያው ጣት። አላመለክትም ኩዊን። እንዳትከራከሪኝ።

“ከሦስት” ያልሽበትን ምክንያት አውቃለሁ። ያንን ፊቷን እኔም አውቀዋለሁ፤ እኔ ብሆን ከሁለት ተኩል እል ነበር። የስልክ ቁጥሩን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ “ሁልጊዜ የምትገኚበት ስልክ” ሲል፣ እዚህ የተከራየሁበት ቤት ስልክ ስለሚቆራረጥ የቤታችንን ሞላሁ። ሁልጊዜ የምገኘው እዚያ ነው ብዬ። ከዚያ ረሳሁት።

አሁን ግን ስሚኝ። ትልቋ እማማ ይህን እንዳትሰማ። ኮሌጅ ስገባም “ተቀብያለሁ” ብላ ነው ያስገባችኝ፤ ያኔም በእጃችን ወረቀት አልነበረም፣ አንድ እሷ ነበረች። በዚያው አፏ ይህን እንዳደረገች ካወቀች ሁለተኛ ምንም ነገር አትቀበልም። እኔ ደም ስቀዳ መኖር እችላለሁ። እሷ እንደዚያ ሆና እንድትኖር ግን አልችልም።

በዓሉን ማስቆም አይቻልም፤ እኔም አልመጣም። “ሥራ አለባት” በያቸው። ሐኪም ሁልጊዜ ሥራ አለበት ስለሚባል የሚጠይቅሽ የለም። ያቺን ሴትዮ ካነሳችብሽ፣ የኢንሳይክሎፔዲያ ሻጭ ናት በያት። መቼም መዋሸት አታጪም።

እህትሽ፣
ቨርዴል


ማውንት ኦሊቭ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰገነቱ ላይ
ጁን 14፣ 1987፣ እሁድ

ቨርዲ፣

ይህን የምጽፈው በዛሬው የጸሎት መርሐ ግብር ጀርባ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የአንቺ ፎቶ አለ፣ ከነኮፍያሽ፣ ላባው በሕይወት እያለ የተነሳሽው። ከፊቴ ቀብር አስፈጻሚው በነፃ ያደለንን የካርቶን ማራገቢያ አቁሜ ተከልያለሁ። ሙቀቱ ለዲያቆን ግራይምስ እንኳ አይመኙትም።

ለሦስት ሳምንት መልስ ስላልሰጠሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። “የሚያስቅ ነገር” ስፈልግ ነበር፤ ጠፋ። ያልሽኝን አድርጌያለሁ። “ሥራ አለባት” አልኳት። “እ” አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን “ተቀብያለሁ” የምትለውን ቃል ከአፏ አልሰማሁም።

ሐሙስ ዕለት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሚስተር ዩላስ ሲመጡ “ዩላስ፣ የዝግጅት ዓመት የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?” አለቻቸው። እኔ ከበሩ ውስጥ ነበርኩ። በጥቅሻ ላስቆማቸው ሞከርኩ፤ እሳቸው የሚያወሩት አግኝተው ሊቆሙ!

“እንዴታ! የወንድሜ ልጅ በሱ አይደል የገባችው! ውጤቷ ሁለት ነጥብ ምናምን ነበር፤ ማን ያያታል! ያንን ዓመት ተማረች፣ ይኸው አሁን ነጭ ጋዋን ለብሳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እሱን ያገኘ፣ እማማ፣ ገባ ማለት ነው።”

“ሁለት ነጥብ ምናምን” አለች ትልቋ እማማ። “ከስንት?”

“ከአራት ነዋ! ከስንት ሊሆን ነው?” ብለው ሳቁና ፖስታ ሳይሰጡን ሄዱ። ቨርዲ፣ ሻይዋ ውስጥ ያለው በረዶ እስኪሟሟ ከዚያ አልተነሳችም። ማታ ሳህን እያደረቅሁ “ያቺ ሴትዮ ምን ነበር የምትሸጠው?” አለችኝ። ኢንሳይክሎፔዲያ ነው እማማ አልኳት። “እ” አለች። ይኸው ነው። ከስንት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን መዝሙሩ አልቋል። ኬኩ ከታች በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ “ዶክተር ቨርዴል” ይላል፣ የኮኮናት ነው። ልብ ማዳመጫው ከነሳጥኑ መድረኩ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ በሰማያዊ ጥብጣብ ታስሮ። ዲያቆን ግራይምስ በአንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርገው መጥተዋል። ፓስተር ቶሊቨር “ዶክተራችን በሥራ ምክንያት አልተገኘችም፤ ስጦታውን የሚቀበልላት ያሳደገቻት ናት” እያሉ ነው። ሰው ሁሉ ተነስቶ እያጨበጨበ ነው።

ተነሳች። ያንን የፋሲካውን ኮፍያ አላደረገችም። ባዶ ራሷን ናት። ቨርዲ፣ ራሷን ሳትሸፍን ቤተ ክርስቲያን መጥታ አታውቅም፣ ጠዋት እንዴት አላስተዋልኩም?

ሳጥኑን አልነካችውም። “መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል” አለች።

“በይ እማማ!” ይላሉ ከታች። “ተናገሪ!”

“አንድ ስልክ ተደውሎ ነበር።”

“አሜን!”

“እግዚአብሔር በሩን ከፍቶ ነበር።”

“ሃሌሉያ! ከፍቷል!” መዘምራኑ ተነሱ። ኦርጋኑ ገባ። ኧረ ዝም በሉ። ኧረ አንድ ሰው ዝም ያሰኛቸው።

“ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።”

“አዎ—” ያለ አንድ ሰው አለ፤ ከዚያ ማንም። ኦርጋኑ አንዷን ኖታ ይዞ ቀረ፣ እሷም ጠፋች። ማራገቢያው ሁሉ ቆሟል።

“ልጄ ዶክተር አይደለችም” አለች። “ትሆን ነበር። ቦታዋን ለሚያስፈልገው ስጡት ብዬ የሰጠሁባት እኔ ነኝ። የኔን ልጅ ያህል የሚያስፈልገው እንዳለ ሳልጠይቅ።” ሳጥኑን በሁለት እጇ ወደ ፓስተሩ ገፋችው። “ይሄንንም ለሚያስፈልገው ስጡት።”

ፓስተር ቶሊቨር ሳጥኑን አልያዙትም። ማንም አልያዘውም። ዲያቆን ግራይምስ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፍነዋል። ይቅርታ አድርጊልኝ ቨርዲ፣ ያልሽኝን ሁሉ ዋሽቻለሁ፣ አልጠቀመም።

አልተቀመጠችም። “አንድ ነገር ልጠይቅ” እያለች ነው። “ሁለት ነጥብ ስድስት ከስንት ነው?”

ቀና ብላ ሰገነቱን በዓይኗ እየፈለገች ነው፣ ከግራ ጀምራ፣ ወንበር በወንበር። ማራገቢያው አይሸፍነኝም። እስክሪብቶዬን አየችው። አሁን ከአራት እላታለሁ፣ ቨርዲ፣ አፌ እሺ ካለኝ ከአራት ነው የም

“ኩዊንቴላ!”